አሰላ፤ ከሩጫው ሌላ

ከአርሲ የመጣን ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ከስማችን በፊት እግራችን ይጠየቃል። «አገራችሁ የት ነው?» ለሚለን «አሰላ» ስንል፣ ወዲያው «እንግዲያው ሩጫው እንዴት ነው?» ይለናል። ከመካከላችን ለምሳ ሰልፍ እንኳ ቀድሞ መድረስ የማይሆንለት እንዳለ የሚጠረጥር የለም።

ለጥያቄው ምክንያት አለው። አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚሁ አካባቢ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ነበር። በስተ ደቡብ ካለችው ከበቆጂ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባም በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ወርቅ አግኝተዋል። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም የዚያችው አገር ልጆች ናቸው።

ሰው ሁሉ ይህን የአየሩ ሥራ ነው ይላል። አየሩማ ለሁሉም ልጅ እኩል ይነፍሳል። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የበቆጂ የስፖርት መምህር ነበሩ። እንግዲህ ከአየሩ ሌላ አንድ ሜዳና በማለዳ የሚጠብቅ አንድ መምህር ነበረ ማለት ነው። የእኛም ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ሩጫ ያልሆነለት ልጅ ሜዳው የት ነው? መምህሩስ ማን ነው? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚጠብቀው ወይ ፑል ቤት ነው፣ ወይ የእንግሊዝ እግር ኳስ በቴሌቪዥን የሚታይበት ቤት ነው። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ይሁንና አገሩ ራሱ ሰፊ ትምህርት ቤት ነው። ጭላሎ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ሲወጡት እርሻው አልቆ አስታው ይጀምራል፣ ከዚያም ጅብራው ይታያል። የጂኦግራፊ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ የሚሥለው ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ተዘርግቷል። ከከተማው በስተ ሰሜን፣ በቅርብ ርቀት፣ የስንዴ ዘር የሚመረመርበት ኩሉምሳ አለ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በዚሁ አገር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አቅርቧል። ነገር ግን እርሻው በትራክተር መታረስ ሲጀምር ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬት አስነሥተዋል። ልማት ለማን እንደሚደርስ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ክፍል አይገኝም። ደግሞም የአርሲ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ጠብ የሚያበርዱበትን ሥርዓት ከራሳቸው አፍ መስማት ይቻላል።

ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። ለእረፍት ወደ አሰላ የምንመለስ ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ለከተማው ልጆች እንስጥ። አንዱ ቀን ለንባብ ይሁን፤ ሌላው ቀን ልጆቹን ይዘን ወደ ኩሉምሳ፣ ወደ ሽማግሌዎችና ወደ እናቶች የምንሄድበት ይሁን። «ክረምት ጭቃ ነው፣ ተራራውም ጉም ይለብሳል» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። እንግዲያው ክረምቱ ለንባብ፣ የጥሩ የሴሚስተር እረፍት ለጭላሎ ይሁን። ገንዘብ እንኳ ብዙ አይፈልግም፤ ጊዜና ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ከሌላ አገር የመጣችሁ ጓደኞቻችንም አብራችሁን ብትመጡ ደስ ይለናል። ስለ ስንቅ አትጨነቁ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ከየቤታችን እናመጣለን። መምጣት ያልተመቻችሁ ደግሞ አንብባችሁ የጨረሳችኋቸውን መጻሕፍት ከፈተናው በፊት በተማሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት አኑሩልን። ለልጆች የሚሆን የአማርኛም የኦሮምኛም መጽሐፍ ሁሉ ይጠቅመናል።