የሚታመን ሞተሪስታ ፍለጋ



በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ስለ ሥራ፣ ስለ መሽካንታና ስለ ልጆች ትምህርት መሆኑን እናውቃለን። እኛ ሦስት ወንድማማቾች ግን የምንተርከው ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። ነገሩ ቅንጦት መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ እናታችንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስትል የነበረው ይህንኑ ነው። «መሽካንታው ሳይከፈል አሮጌ በቅሎ ገዙ» እያለች ለጎረቤት ትናገር ነበር። ሆኖም አንድ ባለሙያ የሚታመን መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ያልተቸገረ ቤተሰብ በመካከላችን አይገኝምና፣ የደረሰብንን ብንጽፍ አይከፋም ብለን አሰብን።

መኪናዋ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ሱፐር ትባላለች፤ የ1969 ሥሪት ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የገዛናት በ2008 ሦስታችንም ያጠራቀምነውን አዋጥተን፣ ባለቤቷ ከሞቱባት ቤተሰብ ነው። ከውጭ ሲያዩዋት ባለ አራት በር ሣጥን ትመስላለች። ነገር ግን በጊዜዋ የጣሊያን ፖሊስ ወንጀለኛ ያባርርባት የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሞተሯ 1,570 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ሆኖ በቴስታታው ላይ ሁለት ካምሻፍት ተሸክሟል። ሁለት የዌበር ካርቡራተሮች አሏት፤ እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት ጉሮሮ ስለሆኑ አራቱም ፒስተኖች የየራሳቸው ጉሮሮ አላቸው። የሞተሩ አካልና ቴስታታው አሉሚኒየም ሲሆኑ፣ ፒስተን የሚመላለስባቸው ቱቦዎች ግን ከብረት ተሠርተው ለየብቻ የሚገቡ ናቸው፤ የማቀዝቀዣው ውሃ በቀጥታ በዙሪያቸው ያልፋል። ይህን የምንዘረዝረው ለጉራ አይደለም። በኋላ የደረሰብን ጣጣ ከነዚህ ቱቦዎች የመጣ ስለሆነ ነው።

በሐምሌ ሙቀት ከኔታንያ ወደ ሐይፋ ስንሄድ የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደረሰ። ዳር ይዘን የዘይቱን ክዳን ስንከፍት ዘይቱ ቡና በወተት መስሏል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው።

በመጀመሪያ የወሰድናት ወደ አንድ ትልቅ ሙሳክ ነበር። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ለእንግዳ ቡና ይቀርባል። አንድ ወጣት የኮምፒውተሩን ገመድ ይዞ መጣና የሚሰካበትን ቦታ ፈለገ፤ አላገኘም፤ በ1969 እንዲህ ያለ ነገር አልነበረምና። ከዚያም ቴስታታው ሳይነሣ፣ ኮምፕረሽን እንኳ ሳይለካ፣ «ሞተሩ አልቋል፤ ሌላ ሞተር እንግጠምላችሁ» ተባልን። የተጠየቅነው ገንዘብ መኪናዋን የገዛንበትን ያህል ነበር። አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛው በሰው በሰው የተገኘ ነበር። ሰውየው ፈገግተኛ ነው። ስለ እናታችን ጤና ጠየቀን፣ «ለእናንተ ሲባል በርካሽ» አለን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አንሸሽግም። ሃጻአት መሒር በጽሑፍ ስጠን አላልንም፤ ሐሽቦኒት አልጠየቅንም፤ ከሞተሩ ያወጣኸውን ዕቃ መልስልን አላልንም። እንደ ዘመድ ስላነጋገረን እንደ ነጋዴ ልናነጋግረው አፈርን። 4,800 ሼቄል በእጁ ቆጥረን ሰጠነው። በዘጠነኛው ቀን ዘይቱ እንደገና ነጣ። ስንመለስ «አሮጌ መኪና ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለን፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሣቱንም ተወ። በእጃችን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ስላልነበረን የት ሄደን እንከሰዋለን?

ከዚህ በኋላ የምንጠይቀውን ጥያቄ ቀየርን። ቀድሞ «ርካሽና ጥሩ ሙሳክ የት አለ?» እያልን ነበር። አሁን ግን በሰንበት ማግሥት አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ሜዳ እየሄድን፣ «የእርስዎን ሞተር ማን ከፈተው? ከተከፈተ ስንት ዓመት ሆነው? እስከ ዛሬ ይሠራል?» ማለት ጀመርን። ካነጋገርናቸው አራት ሰዎች ሦስቱ የነገሩን ስለ አንድ ሰው ነበር፤ እዚያው በከተማችን በኔታንያ፣ በአሮጌው የኢንዱስትሪ አካባቢ የሚሠሩ የትሪፖሊ ተወላጅ ሽማግሌ።

የሄድነው ዓርብ ጧት ነው። አባታችንን ከኩፓት ሖሊም አምጥተን ወደ ቤት ልንመልሳቸው ስለነበር አብረውን መጡ። ሙሳኩ ጠባብና ጨለማ ነው። ግድግዳው ላይ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ በዘይት ተቀብቶ ተሰቅሏል። ሽማግሌው መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት እኛን መረመሩን። «ማን ከፈተው? የወጣውን ጓርኒሲዮን አምጥታችኋል? ከመሞቋ በፊት ስንት ጊዜ ሳትነዳ ቆማ ነበር?» የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። በመጨረሻ «አላውቅም» አሉ። «ቴስታታው ካልተነሣ ምን እንደሆነ አላውቅም። ለማንሣትና ለማየት 600 ሼቄል ትከፍላላችሁ። ያን ጊዜ መጥታችሁ አብረን እናያለን፤ ዋጋውንም እጽፍላችኋለሁ። ካልተስማማችሁ መኪናችሁን ትወስዳላችሁ።» ይህንኑ በወረቀት ጽፈው ፈርመው ሰጡን። ከመኪና ሠሪ አፍ «አላውቅም» የሚል ቃል ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።

ሽማግሌው ሞተሩ ላይ አጎንብሰው ለራሳቸው በጣሊያንኛ ሲያጉተመትሙ፣ አባታችን ከኋላችን ቀስ ብለው «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ብቻ አይደለም ነው የሚሉት» አሉ። ዞር ብለን አየናቸው። ሽማግሌውም ቀና ብለው አዩዋቸው። አባታችን ወደ ሞተሩ ቀረቡና በጣታቸው እያመለከቱ «ካንዴላ» አሉ። «ካንዴላ!» አሉ ሽማግሌው። «ፍሪሲዮን።» «ፍሪሲዮኔ!» «ማርሚታ።» «ማርሚታ!» አባታችን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው «ካቻቢቴ» ሲሉ ሽማግሌው ሳቃቸውን ለቀቁት።

ጣሊያን አገራችንን የያዘው ከ1936 እስከ 1941 ነው፤ ትሪፖሊን ደግሞ ከ1911 እስከ 1943። ከሁለቱም ተባሮ ወጣ፤ ካቻቢቴው ግን ቀረ። ሊብሬውም፣ ቦሎውም፣ ብሎኑም፣ ጎሚስታውም እንዲሁ። አባታችን በ1962 ገና በልጅነታቸው ጎንደር ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብተው የሠለጠኑት፣ ከጦርነቱ በኋላ አገር ቤት ከቀረ ጣሊያናዊ ሙያውን በተማረ ሞተሪስታ እጅ ነበር። ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲከፍቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስንመጣ ግን ሙያቸውን የሚመሰክር አንዲት ወረቀት አልነበራቸውም። የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ በማሸግ ሥራ ተመደቡ፤ እዚያው 17 ዓመት ሞላቸው። ዕብራይስጣቸው ከገበያና ከሐኪም ቤት አያልፍም። በዚያን ዕለት ግን በሃያ ቃል አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ቆሙ። እኛ በዕብራይስጥ ለማስተርጎም ብንሞክርም የሚሰማን አጣን።

ቴስታታው በተነሣ ቀን አራታችንም ሄድን። ሽማግሌው በመጀመሪያ ያሳዩን ቀይ ሲሊኮን ነው። ያ ፈገግተኛ ሰው ጓርኒሲዮኑን በሲሊኮን ለቅልቆት ኖሮ፣ የተረፈው ወደ ዘይት መተላለፊያው ገብቶ ግማሹን ዘግቶታል። ቀጥለው ባለ መርፌ መለኪያ አምጥተው በአራቱ የብረት ቱቦዎች አናት ላይ አስኬዱት። አናታቸው ከሞተሩ አካል ጋር ያለው ልዩነት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ሆኖ አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። ሦስተኛው ላይ መርፌው ዘለለ። ሽማግሌው ገና ሳይናገሩ አባታችን «ሳያስሩት አዙረውታል» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቴስታታው ሲነሣ ቱቦዎቹን ወደ ታች ይዞ የሚያቆያቸው ነገር አይኖርም። ስለዚህ በብረት ማሰሪያ ጠፍረው ካልያዙአቸው፣ ሞተሩ ሲዞር ፒስተኑ ቱቦውን ይዞት ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው መዝጊያ ይበላሻል፤ ውሃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ላይኛውን ጓርኒሲዮን መቶ ጊዜ ቢለውጡ አይድንም። 4,800 ሼቄል የከፈልነው በሽታ እንዲጨመርልን ኖሯል!

በዚያ ምሽት እራት ላይ ከመካከላችን ታላቁ «አባባ፣ ለምን አስቀድመው አልነገሩንም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«መቼ ጠየቃችሁኝ?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። መኪናዋ ሁለት ወር ሙሉ ከበረንዳቸው ሥር ቆማ ነበር። እኛ በፊታቸው እየተመላለስን በስልክ የማናውቀውን ሰው ሁሉ ጠይቀናል። አባታችን ሞተሪስታ እንደነበሩ እናውቃለን፤ ግን እንደ ጎንደር ቤታችንና እንደ ከብቶቻችን፣ እዚያው የቀረ ነገር አድርገን ነበር የቆጠርነው።

«ብትጠይቁኝም አላውቅም ነበር የምላችሁ» አሉ ቆይተው። «እኔ የማውቀው የናፍታ ነው። እንዲህ ያለችውን ከፍቼ አላውቅም። ያላወቀ ሰው እጁን ይሰበስባል። ያ ሰውዬ እጁን ቢሰበስብ ገንዘባችሁ ይተርፍ ነበር።»

ከዚህ ተነሥታችሁ ትልቅ ሙሳክ ሁሉ አታላይ ነው፣ ሽማግሌ ሁሉ ሐቀኛ ነው እንዳትሉብን። አዲስ መኪና ብንገዛ ኮምፒውተር ያለው ዘንድ እንሄዳለን፤ የትሪፖሊው ሽማግሌም ቢሆኑ ኮምፒውተር ያላት መኪና ስትመጣባቸው ወደ ሌላ ይልኳት ነበር። ደግሞም በማናውቀው ዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ላይ ከመፈረም፣ አንብቦ የሚያስረዳ ልጅ ወይም ጎረቤት እስኪመጣ አንድ ቀን መታገሥ ይሻላል። በጥድፊያ ፈርሙ የሚል ሰው ለምን እንደሚቸኩል ያውቃል።

የጽሑፍ ዋጋው 6,400 ሼቄል ነበር። ብዙ ነው፤ እናታችን ሦስት ቀን አላነጋገረችንም። ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። ከሁሉ የከበደው የቫልቮች ክፍተት ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ክፍተቱ በካቻቢቴ የሚስተካከል አይደለም፤ በየቫልቩ አናት ላይ ትክክለኛ ውፍረት ያላት ትንሽ የብረት ክዳን መግባት አለባት። ቫልቮቹ ስምንት ናቸው። አንዷ ከተሳሳተች ካምሻፍቱን እንደገና አውጥቶ መለወጥ ነው። ሽማግሌው እነዚህን ክዳኖች በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ዓይናቸው ግን በማይክሮሜትሩ ላይ ያለውን መስመር ማንበብ ተስኖት ነበር። ስለዚህ አባታችን መነጽራቸውን አድርገው ይለካሉ፣ ሽማግሌው ከቆርቆሮው እየመረጡ ያቀብላሉ። ዓርብ ዓርብ እንዲህ ሆነ። ሰንበት ሊገባ ሲል እኛ ሄደን እንለምናቸዋለን።

በመጨረሻው ቀን ካርቡራተሮቹን ሲያስተካክሉ አንድ የጎማ ቱቦ ቆርጠው፣ አንዱን ጫፍ በጉሮሮው ላይ፣ ሌላውን በጆሯቸው ላይ አድርገው የአየሩን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። አራቱም ጉሮሮዎች እኩል መተንፈስ አለባቸው። ሽማግሌው «ሦስተኛው ያንሳል» ይላሉ፤ አባታችን ቱቦውን ተቀብለው አዳምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንደገና ይቀባበላሉ። እኛም ተራ ደርሶን አዳመጥን፤ ምንም ልዩነት አልሰማንም።

ሐሽቦኒቱ 6,200 ሼቄል ይላል። አንድ ኩሽኔታ ደኅና ሆኖ ስለተገኘ አልተለወጠም፤ 200ው ተቀነሰ። የወጡት ዕቃዎች በሙሉ በካርቶን ተሰጡን። መኪናዋ ያን ዓመት ቴስት አለፈች።

ሽማግሌው ሙሳካቸውን እስኪዘጉ ድረስ፣ እስከ 2015፣ ሐሙስ ማታ ቤታችን ስልክ ሲደወል የሚፈለጉት አባታችን ነበሩ። ሙሳኩ በተዘጋ ዕለት አባታችን ያቺን የብስኩት ቆርቆሮ በብብታቸው ይዘው መጡ። ዛሬም ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። እናታችን ቁልፍና ክር ላስቀምጥባት ብላ ስንት ጊዜ ጠየቀች፤ አልፈቀዱም።