ጥያቄ የማይሰማው መምህር

«ልጆቻችን በዘመናዊ መሣሪያ ይማሩ፤ በዓለም ገበያ ተወዳዳሪ ይሁኑ» የሚለው ቃል ዛሬ በየስብሰባው ይሰማል። ቃሉ መልካም ነው፤ ማንም ወላጅ አይጠላውም። ሆኖም እኛ በአንጋጫ ልጆች የምናሳድግ ወላጆች ይህንኑ ቃል ከሃያ ዓመታት በፊትም ሰምተነው ነበር። ያን ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ለዛሬው ይጠቅማልና ጥቂት ልንል ወደድን።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች «ፕላዝማ» የሚባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ገባ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሰራጩ ጀመር። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የሠለጠነ መምህርም ሆነ ቤተ ሙከራ ያጠረው የገጠር ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር እኩል ይማር የሚል ነው። የበኩር ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል የገባው በዚያው ሰሞን ነበርና ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በእንሰት ጓሮ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ ከሰማይ በወረደ ትምህርት ሊማር ነው አልን።

ልጃችን ግን ማታ ማታ የሚነግረን ሌላ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነው። ለመምህሩ የሚቀረው በመግቢያውና በመጨረሻው ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በመስኮቱ የምትታየው አስተማሪ ጥያቄ ታቀርባለች፣ ጥቂት ትጠብቃለች፣ ከዚያም «ጎበዞች!» ብላ ታልፋለች። ልጃችን ያን ጊዜ ገና ጥያቄውን ወደ ደብተሩ እየገለበጠ ነው። ፊደል የቆጠረው በከምባትኛ ነውና ፈጣኑን እንግሊዝኛ በጆሮው ለመያዝ ይቸገራል። መምህሩ ቢያዝንለትም ሥርጭቱን ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል፤ በማግሥቱ የሚመጣው ቀጣዩ ርዕስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በየመንደሩ ባለው ቁርኣን ቤት ደረሳው የሚማረው በሉሕ ነው። ሉሕ ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ ነው፤ እርሱም በዘመኑ የትምህርት መሣሪያ ነበር፤ ዛሬም ያገለግላል። ደረሳው የጻፈውን ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ ያነባል። ሸኹ ይሰማሉ፤ ሲሳሳት ያቆሙታል፣ ያርሙታል። ያልያዘውን ሳይዝ ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም። የሉሑ ጥቅም ከጀርባው የሚሰማ ጆሮ በመኖሩ ነው። ፕላዝማው እጅግ የረቀቀ መሣሪያ ነበር፤ ይህ ጆሮ ግን አልነበረውም።

ስለ ዓለም ገበያም ካነሳን፣ እርሱ እኛን ፍለጋ ከመጣ ሰንብቷል። ከሐዲያና ከከምባታ ስንትና ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ተሰደደ የማያውቅ ቤት የለም። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ለልጆች ተከፋፍሎ አይበቃም። ሆሳዕና ላይ ከተሠሩት ፎቆች መካከል ከዚያ በተላከ ገንዘብ የቆሙ አሉ። የመንገዱንም ዋጋ እናውቃለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ያን ቀን በአካባቢያችን ስልክ ያልደወለ፣ ያላለቀሰም እናት አልነበረም።

የእኛም የበኩር ልጅ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ኬንያንና ታንዛንያን አቋርጦ ጆሃንስበርግ ገባ። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ደረሰ። መጀመሪያ ብርድ ልብስ ተሸክሞ በየቤቱ በዱቤ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ትንሽ ሱቅ አለው። ትምህርቱ ከደቡብ አፍሪካ ወደ እርሱ መጣ፤ ሳይገባው ቀረና እርሱ ራሱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። አንድ ቀን በስልክ እንዲህ አለን፦ «አባዬ፣ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ደንበኞቼ ናቸው። ስሳሳት ይስቁብኛል፤ ግን ቆመው ያርሙኛል።»

ዛሬ ደግሞ ሌላ ዘመን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የኮምፒዩተር ሙያ ሥልጠና ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ተጀምሯል፤ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ነው። በዚያው ዓመት የተወሰኑ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናቸውን በኮምፒዩተር ወስደዋል። በሌላ በኩል በዚህ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በፕላዝማ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን መሠረቱ ያልጸና ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ስለ ተቀመጠ ብቻ አይጸናም።

ታዲያ መሣሪያው ይቅር እንበል? በፍጹም! የመጨረሻዋ ልጃችን በስልክ የተጫነ የሒሳብ ትምህርት ትከታተላለች። የዛሬው መሣሪያ ከፕላዝማው የሚሻልበት ትልቅ ነገር አለ፤ ልጅቱ ስታቆመው ይቆማል፤ ስትመልሰው ይመለሳል። ኔትወርክ ባይኖርም አስቀድሞ የተጫነው አይጠፋም። እኛም በቤታችን አንድ ልማድ አበጅተናል። ከእራት በኋላ የተማረችውን በከምባትኛ ወይም በአማርኛ ታስረዳናለች። እኛ ሒሳቡን ባናውቀውም የት ላይ እንደምትንተባተብ እናያለን። ያ ቦታ በደብተሯ ይሰመርበታል፤ በማግሥቱ መምህሯን ትጠይቃለች። መምህሯም አይሰለቹም፤ አላህ ይስጣቸው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ለት/ቤታችን ኮምፒዩተር ይምጣ ተብሎ መዋጮ ስንጠየቅ እንስጥ። ግን ከመስጠታችን በፊት በወላጅና መምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥተን እንጠይቅ፦ መምህሩ በመሣሪያው ሠልጥኗል ወይ? ሲያስፈልገው ሊያቆመው ይችላል ወይ? መብራት ሲጠፋ ምን ታስቧል? ያልገባው ልጅ የሚጠይቀው ማንን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካለ መሣሪያው ልጆቻችንን ይጠቅማል። መልስ ከሌለ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ለመምህሩ ሥልጠናና ለመጻሕፍት ቢውል ይሻላል።