«ማን?» የሚለው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲናን ከወረዳችሁ ሹራብ ማውለቅ ትጀምራላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ የምታወልቁት ይጠፋችኋል። የይፋት ቆላ እንዲህ ነው፤ እኛ ቤት መስኮት የሚዘጋው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው።

ጉዱ የተፈጠረውም መስኮቱ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ወርጄ እናቴን ላስደስት ብዬ ለሳሎኑ መስኮት የብረት ፍርግርግ ላሠራ ተነሳሁ። መስታወቱ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እንኳ ሳይሰነጠቅ የተረፈ ነው። እናቴ በየሳምንቱ በጋዜጣ ትወለውለዋለች። (ልጇ ጋዜጠኝነት መማሯ ለዚህም ጠቅሟል!)

በያጁ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። ግቢ ውስጥ ብረቱን በግራይንደር ሲቆርጥ ፍንጣሪው እንደ ርችት ወደ መስኮቱ ይዘንባል። ማታ እናቴ መስታወቱን ስትወለውል እጇን ሻከራት። ብናጥበው፣ ብንፈትገው፣ ወይ ፍንክች! ለካ ፍንጣሪ ማለት የጋለ የብረት ቅንጣት ነው፤ መስታወቱን አቅልጦ እዚያው ይጣበቃል። ቢፋቅ እንኳ ጠባሳው ይቀራል።

«ይከፍላታል!» አልኩ። ሕግ ለተማረ ጓደኛዬ ደወልኩ።

«በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2028፣ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል ይላል» አለኝ። ደስ ሲለኝ! ከዚያ ቀጠለ፦ «ግን ቁጥር 2098ንም አንብቢው። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል።»

ዝም አልኩ። አንድ ዘጋቢ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ማን?» ነው። ጠዋት ልጁ «እህቴ፣ መስኮቱን የምንሸፍንበት እርጥብ ጆንያ ይኖራል?» ብሎኝ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ «ባክህ ዝም ብለህ ቶሎ ጨርስ!» አልኩት።

በማግስቱ ሥራውን ሊቀጥል ሲመጣ መስታወቱን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «ከሒሳቤ ይቀነስ፣ እማማ» አለ። የሁለት ቀን ድካሙ ማለት ነው። እናቴ ምንም ሳትል ወደ እኔ ዞረች።

«ጆንያ ጠይቆኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ይቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለማውጣት የታገልኩትን ያህል ለየትኛውም ዜና አልታገልኩም።

ልጁ ሙሉ ሒሳቡን ተቀበለ። አዲሱን መስታወት የገዛሁት እኔ ነኝ። የቀረውን ብረት ሲቆርጥ ደግሞ ስልኬን ቤት አስቀምጬ፣ ጆንያውን ራሴ ነክሬ ራሴ ሰቀልኩ። በዚያ ሙቀት ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፤ ሦስት ጊዜ መልሼ ነከርኩት።