በኮንየርስ ወንዝ ዳር ዱላ አያድንም

ከአትላንታ መሃል ተነስተው በአይ-20 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ 24 ማይል ያህል ሲነዱ ኮንየርስን ያገኛሉ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ የፈረስ ውድድሩ የተካሄደው፣ የተራራ ብስክሌትም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው እዚሁ ነው። የፈረስ ፓርኩ ዛሬም አለ፤ ቢግ ሄይንስ ክሪክ የሚባለው ወንዝም በዛፎቹ መካከል ይፈሳል።

እኔ ስፍራውን የምወደው አገር ቤትን ስለሚያስታውሰኝ ነው። ሆኖም የወገኖቼ ልጆች ባዶ እግራቸውን ወንዝ ዳር ሲሯሯጡ ሳይ ሥጋት ይገባኛል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። እባብ ስናይም መጀመሪያ የምንፈልገው ዱላ ነው። እዚህ ግን ይህ ልማድ አያዋጣም። መርዝ የሌለውን እባብ መግደል በጆርጂያ ሕግ የተከለከለ ነው። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ሰው የሚነደፈው «ልግደለው» ወይም «ልያዘው» ብሎ ሲጠጋ ነው።

በዚህ አካባቢ ይበልጥ የሚያጋጥመው መርዘኛ እባብ ኮፐርሄድ ነው። መልኩ ቡናማ ሲሆን፣ ምልክቶቹ ጎኑ ላይ ሰፍተው ጀርባው ላይ ይጠባሉ። በደረቅ ቅጠል ላይ ሲተኛ አይለይም፤ ሰው ሲመጣም ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ዝም ይላል። ስለዚህ ጫማ አድርጉ፤ ሲመሽ ባትሪ ያዙ፤ ከግንድና ከድንጋይ ሥር እጃችሁን አታስገቡ። ካያችሁትም ወደ ኋላ ተመልሳችሁ መንገዱን ልቀቁለት።

ምናልባት ቢነድፍስ? ምላጭ አታንሡ፤ በአፍ አትምጠጡ፤ በገመድ አትሠሩ፤ በረዶም አታድርጉ። እነዚህ ሁሉ ጉዳቱን ያባብሳሉ እንጂ መርዙን አያወጡም። እብጠት ሳይጀምር ቀለበትና አምባር አውልቁ፤ የተነደፈውን አረጋግታችሁ 911 ደውሉ። የመርዝ ማዕከሉም በ1-800-222-1222 ሌት ተቀን ይመልሳል፤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። እባቡን ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም።

የጫሞን አዞ የምታውቁ ደግሞ ስለዚህ አገሩ አሊጌተር ትጠይቁ ይሆናል። የተፈጥሮ መኖሪያው ከኮለምበስ፣ ከሜከንና ከኦገስታ መስመር በስተደቡብ ስለሆነ ኮንየርስ ላይ አያሠጋችሁም። በክረምቱ ዕረፍት ወደ ሳቫና ባሕር ዳርቻ ስትወርዱ ግን ልጆችንም ውሻንም ከኩሬ ዳር አርቁ፤ በተለይ ሲመሽ። ምግብ ፈጽሞ አትወርውሩለት፤ ሰውን መፍራት የሚተወው ያኔ ነውና።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሽርሽሩን አትተዉ። ምንጣፋችሁን ከማንጠፋችሁ በፊት ሣሩን እዩ፤ ቡናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።