ያላለቀ ዕቃ የሚሸጥበት አገር
ከሺዙኦካ እስከ ማኩሃሪ

ወደ ጃፓን የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ሊያየው የሚመኘው ዝነኛውን የፉጂ ተራራ፣ ጥንታውያኑን ቤተ መቅደሶችና እንደ ተወረወረ ጦር የሚፈተለከውን ፈጣን ባቡር ነው። እነዚህ ሁሉ መታየት የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን በዚያው በባቡሩ መሥመር ላይ፣ ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ ባለው መንገድ፣ ብዙ እንግዳ ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የትንንሽ ሞዴሎች ሥራ ነው። አውሮፕላኑ፣ መርከቡ፣ ታንኩ፣ ከምድር የጠፋው ጥንታዊ እንስሳ፣ የተረቱ ጀግና፣ ሁሉም አንሶ ተሠርቶ፣ ብልት በብልት ተለያይቶ በሣጥን ይሸጣል። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጣጥመዋል፤ ቀለሙንም ራሱ ይቀባዋል።

በሌላው ንግድ ሁሉ ነጋዴ ያለቀለትን ዕቃ ለማቅረብ ይጥራል። በዚህ ግን ዕቃው ሳያልቅ ይሸጣል፤ ገዢውም ያላለቀ በመሆኑ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ሦስት ስፍራዎችን በየተራ ማየት ይበቃል፤ ሺዙኦካን፣ ኦሳካንና ማኩሃሪን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሺዙኦካ፤ የእንጨት ሠሪዎች ከተማ

ከቶኪዮ ወደ ምዕራብ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ ሺዙኦካ ይደረሳል። ከተማዋ በባሕርና በኮረብታ መካከል የተቀመጠች ናት፤ በኮረብታው ላይ ሻይ ይበቅላል፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ፉጂ ከሩቅ ይታያል። ጃፓንን አንድ አድርጎ የገዛው ቶኩጋዋ ኢየያሱ የእርጅና ዘመኑን ያሳለፈው፣ በ1616 ዓ.ም. የሞተውም በዚህች ከተማ ነው። ያን ጊዜ ስሟ ሱንፑ ይባል ነበር። የከተማዋ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ለግንቡና ለመቅደሶቹ ሥራ ከየአገሩ የተጠሩት አናጢዎች፣ ቀራጮችና ቀለም ቀቢዎች ሥራቸው ሲያልቅ ወደ ትውልድ ስፍራቸው አልተመለሱም፤ በዚያው ተቀምጠው ልጆቻቸውን ሙያውን አስተማሩ። ሺዙኦካ በእንጨት ዕቃ የታወቀችው በዚህ ዓይነት ነው።

ከእንጨት ዕቃ ወደ እንጨት አውሮፕላን ያለው መንገድ አጭር ነበር። አኦሺማ የሚባለው ቤት በ1924 ዓ.ም. ሲጀመር መሥራቹ ራሱ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ነበር፤ ቤቱም ኋላ ለልጆች የሚሆን የእንጨት ሞዴል አውሮፕላን ወደ መሥራት ዞረ። ዛሬ በዓለም የታወቀው የታሚያ ኩባንያም በ1946 ዓ.ም. በዮሺዮ ታሚያ ሲቋቋም ሥራው እንጨት መነገድ ነበር። ከአሜሪካ የፕላስቲክ ሞዴል መምጣት ሲጀምር ግን የእንጨቱ ገበያ ተዳከመ። ታሚያም በ1960 ዓ.ም. ያማቶ የተባለውን የጦር መርከብ የመጀመሪያው የፕላስቲክ ሞዴሉ አድርጎ አወጣ። ይህ እንደ ታሰበው አልቀናውም። ቀጥሎ በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ባወጣ ጊዜ ግን ገበያው ተከፈተለት።

ዛሬ ታሚያ፣ አኦሺማና ፉጂሚ በሺዙኦካ ይገኛሉ፤ ሃሴጋዋ የሚባለው ደግሞ በአጠገቧ ባለችው በያይዙ ከተማ ነው። ባንዳይም በ2006 ዓ.ም. ትልቅ የሞዴል ፋብሪካ በዚያው ከፍቷል። ከተማዋ በዚህ ሥራ ምን ያህል እንደምትኮራ ለመረዳት መንገዷን መመልከት ይበቃል፤ ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ ገና ከማቀፊያው ተቆርጦ እንዳልወጣ የሞዴል ብልት የተሠራ የፖስታ ሣጥን ቆሞባታል። በየዓመቱ በግንቦት ወር ገደማ ኩባንያዎቹ አዲስ ሥራቸውን የሚያሳዩበት ትርኢት ይደረጋል፤ ከየአገሩ የመጡ የሞዴል ወዳጆችም በገዛ እጃቸው የጨረሱትን በጠረጴዛ ደርድረው ያሳያሉ።

የፋብሪካው አሠራር ግን ድንበር አለው። ፕላስቲኩ ቀልጦ በኃይል የሚገፋው ከብረት ወደ ተሠራ ፎርማ ነው። ይህን የብረት ፎርማ ለማዘጋጀት ብዙ ሚሊዮን የን ይወጣል፤ ወጪው የሚመለሰው አንዱ ሞዴል በብዙ ሺህ ሲሸጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ብዙ ሺህ ሰው የሚወደውን እንጂ ሃምሳ ሰው የሚወደውን ሊሠራ አይችልም። ሃምሳዎቹ ሰዎች ታዲያ ወዴት ይሂዱ?

ኦሳካ፤ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ

መልሱ የተገኘው በኦሳካ አካባቢ ነው። በ1964 ዓ.ም. ኦሳሙ ሚያዋኪ የሚባል ሰው ካይዮዶ የተባለች የሞዴል ሱቅ ከፈተ። የሱቋ ስፋት አምስት ካሬ ሜትር ያህል ነበር፤ አንድ አልጋና አንድ ሣጥን የማያላውስ ማለት ነው። ሱቋን የሚያዘወትሩ ወጣቶች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፋብሪካ ያልሠራላቸውን የሲኒማ አውሬና የተረት ጀግና ራሳቸው እየቀረጹ ማባዛት ጀመሩ። ይህ ዓይነቱ ሥራ ፋብሪካ ሳይኖር በአንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሊሠራ ስለሚችል ጋራዥ ኪት ተባለ። የሚሠራበትም ነገር ሬዚን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀራጩ አስቀድሞ ምስሉን ከጭቃ፣ ከሰም ወይም ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ከሚጠነክር ስቱኮ ይቀርጻል። ከዚያ ራሱን ለብቻ፣ ክንዱን ለብቻ፣ እግሩን ለብቻ ያደርጋል። እያንዳንዱን ብልት በትንሽ ሣጥን ውስጥ እስከ ወገቡ በጭቃ ይቀብረውና ፈሳሽ የሲሊኮን ላስቲክ ያፈስበታል። ላስቲኩ ሲረጋ ሣጥኑን ገልብጦ ጭቃውን ያወጣል፤ ሁለቱ ላስቲኮች እንዳይጣበቁ ማላቀቂያ ቅባት ቀብቶ ሁለተኛውን ወገን ያፈስሳል። በመጨረሻ ሁለቱን ከፍቶ ዋናውን ቅርጽ ሲያወጣ በቦታው ባዶ ፎርማ ይቀራል።

የእኛ አገር አንጥረኛ ምስሉን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካስወጣ በኋላ በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል። ሰምና ወርቅ የሚለው የቅኔ አነጋገር የመጣውም ከዚሁ ሥራ ነው። የጋራዡ ሥራ የዚህ ዘመድ ነው። ልዩነቱ የአንጥረኛው ሰም ለአንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ሲጠፋ፣ የላስቲኩ ፎርማ ደጋግሞ ማገልገሉ ነው። ይሁን እንጂ እርሱም ዕድሜው አጭር ነው።

ሬዚኑ በሁለት ዕቃ የሚቀመጥ ሁለት ፈሳሽ ነው። ለየብቻቸው ሲሆኑ ፈሳሽ እንደ ሆኑ ይቆያሉ፤ በልክ ሲቀላቀሉ ግን ይሞቃሉ፣ በጥቂት ደቂቃም ይጠነክራሉ። ሠራተኛው ቢዘገይ በመቅጃው ላይ እንዳለ ይደርቅበታል፤ ቢቸኩል አየር ገብቶ በጣት ጫፍ ወይም በአፍንጫ ላይ ቀዳዳ ይተውበታል። ሬዚኑ በተፈሰሰ ቁጥር ደግሞ ላስቲኩን እየበላው ይሄዳል። ጥቂት ዐሥር ቅጂዎች ከወጡ በኋላ ፎርማው ይሰነጠቃል፤ ሹል የሆነው ብልት ያለበት ስፍራ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ዋናው ቅርጽ ተፈልጎ ሌላ ፎርማ ካልተሠራ ሥራው ያበቃል። አንድ ጋራዥ ኪት ውድና ብርቅ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የገዢው ድርሻ

ሣጥኑን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ነጣ ያሉ ቁርጥራጮችን፣ ከዚያም አንድ ወረቀት ነው። ቀለም የለም፤ ማጣበቂያ የለም። ብልቱ ከፎርማው የወጣበት ጉጥና የሁለቱ ላስቲኮች መጋጠሚያ መሥመር እንዳለ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። ማላቀቂያው ቅባት በላዩ ከቀረ ቀለም አይይዝምና በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በደንብ ይታጠባል። ቀጥሎ ጉጡ ይቆረጣል፤ መሥመሩ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ስለዚህ አዋቂዎቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ብርጭቆ ወረቀቱንም በውሃ እያራሱ ይሠራሉ። የጎበጠ ሰይፍ ቢገኝ በሙቅ ውሃ ነክሮ ማቃናት ይቻላል፤ ሬዚን ሲሞቅ ይለሰልሳልና። ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል።

መጋጠሙ ከፕላስቲኩ የተለየ ነው። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሁለቱን ወገን በጥቂቱ አቅልጦ ያዋሕዳል፤ ሬዚን ግን በዚያ አይቀልጥም። ስለዚህ በእጅ መሰርሰሪያ ሁለቱ ብልቶች ይበሱና የነሐስ ሽቦ ገብቶባቸው በሱፐር ግሉ ይያያዛሉ። ክንዱ በትከሻው ላይ የሚቆመው በሽቦው ኃይል ነው።

ከዚህ በኋላ የመሠረት ቀለም በነፋስ ይረጫል። ይህ ቀለም ሐሰትን አይደብቅም፤ ለስልሷል የተባለው ስፍራ ሁሉ ጭረቱን ያወጣል፤ ሠራተኛውም ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ይመለሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ መመለስ የተለመደ ነው። በመጨረሻ ዋናው ቀለም በስስ በስሱ ይደረባል፤ ጥላው ጠቆር፣ ብርሃኑ ፈካ ይደረጋል። ዓይን የሚቀባው ከሁሉ በኋላ ነው። በጥቂት ፀጉር ብሩሽ የሚሣለው ይህ ዓይን አንድ ፀጉር ያህል ቢስት ጀግናው ፈሪ፣ አውሬው የዋህ ይመስላል።

ከአንድ ፎርማ የወጡ ሃያ ቅጂዎች ለሃያ ሰዎች ቢሸጡ፣ ሲያልቁ ሃያ የተለያዩ ምስሎች ናቸው። ቀራጩ ሥራውን በግማሽ ትቶ ለማያውቀው ሰው ያስረክባል፤ ያ ሰውም እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል። ያላለቀ መሆኑ ጉድለት ሳይሆን የሁለት እጆች መገናኛ ነው።

ማኩሃሪ፤ የአንድ ቀን ፈቃድ

እነዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ስፍራ ማኩሃሪ ነው። ከቶኪዮ ጣቢያ ወደ ምሥራቅ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ መሬቱ ከቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ተደልድሎ የተገኘ ነው። በዚያ ባሉት ታላላቅ አዳራሾች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምታቸውና በበጋቸው፣ ዋንደር ፌስቲቫል የሚባል ገበያ ይቆማል። ገበያው በመደበኛነት የተጀመረው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያዘጋጀው ካይዮዶ ነው፤ ወደ ማኩሃሪም የመጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዕለቱ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጎርፋል። በጠረጴዛው ኋላ የሚቆሙት ብዙዎቹ ነጋዴዎች አይደሉም፤ በሌላ ሥራ የሚኖሩ፣ ሌሊት ሌሊት የሚቀርጹ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ገበያ ከሁሉ የሚያስደንቀው ሕጉ ነው። የተረቱ ጀግና ባለቤት አለው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምስሉን መሸጥ ክልክል ነው። ለጥቂት ቅጂ ሲል ደግሞ እንደ ትልቅ ኩባንያ ውል መዋዋል ለአንድ ተራ ሰው አይቻለውም። ስለዚህ የአንድ ቀን ፈቃድ የሚባል ልማድ ተፈጠረ። ቀራጩ ከወራት በፊት የሥራውን ፎቶግራፍ ያቀርባል፤ ባለ መብቱ መርምሮ ከፈቀደለት ድርሻውን ይቀበላል፤ ቀራጩም በዚያ ቀን በዚያ አዳራሽ ብቻ ይሸጣል። በሩ ሲዘጋ ፈቃዱም ያበቃል። ያልተሸጠው በማግስቱ በሌላ ስፍራ ሊሸጥ አይችልም።

ለወራት የተደከመበት ሥራ በአንድ ቀን ዕድሉ ይወሰናል። ገዢዎች ጠዋት በር ሲከፈት እንደ ውድድር ፈረስ የሚጣደፉት፣ አስተናባሪዎችም «እባካችሁ አትሩጡ» እያሉ የሚለምኑት ስለዚህ ነው።

ይህን እምነት የሚያፈርሱ አሉ። አንዱን ኪት ገዝተው፣ ከርሱ ላይ ፎርማ አውጥተው፣ ያለ ፈቃድ በርካሽ የሚሸጡ ናቸው። የቅጂው ቅጂ በመጠኑ ያንሳል፤ መልኩም ይደበዝዛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቀራጩ ለሚቀጥለው ሥራ የላስቲክና የሬዚን መግዣ ማጣቱ ነው። ርካሹን የገዛ ሰው ሳያስበው የወደደውን ምንጭ ያደርቃል።

ሌላም ለውጥ መጥቷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፋብሪካ ቀለም ተቀብቶ ያለቀለት ምስል በብዛት ተሠርቷል፤ ብርጭቆ ወረቀት መያዝ የማይወድ ሰው እርሱን ይገዛል። ብዙ ቀራጮችም ዛሬ ጭቃውን ትተው በኮምፒዩተር ይቀርጻሉ፤ ሬዚኑን በብርሃን እያደረቀ ቅርጹን የሚያወጣ ማተሚያ መሣሪያም በቤት ውስጥ ገብቷል። ሽማግሌዎቹ በዚህ ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው የሚወጣውም ነገር ቀለም የለውም፤ መታጠብ፣ መለስለስና ዓይን መሣል ይፈልጋል። የመጀመሪያው እጅ መሣሪያ ለወጠ እንጂ የሁለተኛው እጅ ሥራ አልቀረም።

ጊዜ ያለው መንገደኛ ከዚህም አልፎ ወደ ሺኮኩ ደሴት፣ ወደ ኮቺ አውራጃ ቢወርድ አይጸጸትም። በሺማንቶ ወንዝ አገር፣ በተራሮች መካከል፣ ተማሪ አልቆበት የተዘጋ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ካይዮዶ የሥራውን ስብስብ አምጥቶ ሙዚየም አደረገው። ልጆች የጎደሉበት ቤት በአውሬዎች፣ በጀግኖችና በመርከቦች ተሞላ።

ከዚህ ጉዞ ሲመለስ ለቤቱ አንድ ነገር ይዞ መምጣት የሚወድ ሰው ያለቀለትን አሻንጉሊት ትቶ አንድ ትንሽ ኪት ቢገዛ እንመክረዋለን። ጥቂት ብልት ያለውን ይምረጥ፤ አፍንጫውን ይሸፍን፤ አይቸኩል። የመጀመሪያው ሥራው ጠማማ ቢሆንም በመደርደሪያው ላይ ያቁመው፤ በዓለም ላይ እንደርሱ ያለ ሌላ የለምና።