የሟች ቤት ገበያ

እኛ አገር የአንድ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሰው ሲተራመስ ካያችሁ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ድግስ አለ፣ ወይ ለቅሶ። አሜሪካ ግን ሦስተኛ ነገር አለ። ሰዉ ባዶ እጁን ይገባና ሳህን፣ መጋረጃ፣ አንዳንዴም የአልጋ ራስጌ ተሸክሞ ይወጣል። ድግስ እንዳይባል የሚበላ የለም፤ ለቅሶ እንዳይባል የሚያለቅስ የለም። “እስቴት ሴል” ይሉታል።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩን ጠንቅቀው ያውቁታል። እዚህ ላላችሁት ግን ከ“ጋራዥ ሴል” ልለይላችሁ። ጋራዥ ሴል ማለት ባለቤቱ የጠበበውን ሱሪና ልጁ የተወውን ብስክሌት ደጅ አውጥቶ ሲሸጥ ነው። እስቴት ሴል ላይ የሚሸጠው ቤት ሙሉው ዕቃ ነው፤ ከሶፋው እስከ ሹካው፣ ከቴሌቪዥኑ እስከ ተጀመረው የልብስ ሳሙና። ባለቤቱ ወይ ሞቷል፣ ወይ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገብቷል፣ ወይ ትልቁን ቤት ትቶ ወደ ትንሽ አፓርታማ ሊገባ ነው። ልጆቹ ሩቅ ናቸው። የሚፈልጉትን ሁለት ሦስት ዕቃ ይወስዱና የቀረውን “ሽጡልን” ብለው ለዚሁ ሥራ ለተቋቋመ ድርጅት ያስረክባሉ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። እዚያው ተወልዳ ያደገችው ልጇ የዚህ ገበያ ሱሰኛ ናት። “ጋሼ፣ ነገ ሙዚየም ልውሰድህ ወይስ እስቴት ሴል?” ስትለኝ፣ ሙዚየሙ የትም አይሄድ ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ።

እናላችሁ፣ አንድ ቀን ብቅ ማለታችሁ ስለማይቀር የገበያውን ሥርዓት ልንገራችሁ። ብዙውን ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድ ነው። በመጀመሪያው ቀን በሩ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢከፈት፣ ወረፋው ገና ጎህ ሳይቀድ ይያዛል። ቁጥር ይታደላል፤ ቤቱ እንዳይጨናነቅ ሰዉን እየቆጠሩ ያስገቡታል። “ዘይት መጣ” ሲባል ቀበሌ ደጃፍ ተሰልፎ ያደገ ያገሬ ሰው በዚህ አይቸገርም። ፊት ፊት የሚሰለፉት ነጋዴዎች ናቸው፤ አጉሊ መነጽር በኪሳቸው፣ ማግኔት በቁልፍ መያዣቸው። ሶፋውን ዞር ብለው አያዩትም። ሹካውን ገልብጠው “ስተርሊንግ” የሚል ጽሑፍ ወይም “925” የሚል ማኅተም ይፈልጋሉ፤ ከመቶው 92.5 እጁ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። እናንተ የሹካውን ቅርጽ ስታደንቁ እነሱ ገዝተው ሄደዋል።

ዕቃው ላይ ዋጋው ተለጥፏል። በመጀመሪያው ቀን ክርክር ብዙም አይወደድም፤ በሁለተኛው ቀን ላላ ይላል፤ በመጨረሻው ቀን አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ዋጋ ነው። ምርጫው እንግዲህ የናንተ ነው፤ ምርጡን በውድ፣ ወይስ የተረፈውን በርካሽ። መርካቶ እንደለመድነው ሩቡን ዋጋ ጠርቶ፣ “ተወው” ብሎ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ መጠራት እዚያ አይሠራም፤ የሚጠራችሁ የለም። የምትሸጠው የቤቱ ሰው አይደለችም፤ ከሽያጩ በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚታሰብለት ድርጅት ሠራተኛ ናት። ቤተሰቡ እዚያ እንዲቆም አይመከርም። የእናቱ የቡና ስኒ በሁለት ዶላር ሲሄድ የሚያይ ልጅ ገበያ ያበላሻላ!

ሌላም አለ። የተዘጋ በር አይከፈትም። የተገዛ ዕቃ አይመለስም። ማጓጓዣው የገዢው ዕዳ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ሶኬት ጠይቃችሁ ሞክሩት። ፍራሽና የጨርቅ ሶፋ ከሆነ ስፌቱን ገለጥ አድርጋችሁ ትኋን ፈልጉ፤ ትኋን አሜሪካም አለች። አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ ካያችሁ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ፤ ሕፃናትን ለሞት ስለዳረገ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲሱንም ሆነ አሮጌውን መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። ደግሞም ሰው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ሲሻማ እናንተ ምድር ቤቱንና ጋራዡን እዩ፤ ደህና መጋዝ፣ ደህና መሰላል፣ ደህና ብረት ድስት ያለው እዚያ ነው።

ውድ ይሆናል የምትሉት ነገር ደግሞ ፈላጊ አጥቶ ታገኙታላችሁ። ለአሥራ ሁለት ሰው የሚሆን፣ ዳር ዳሩ በወርቅ ቀለም የተከበበ የገበታ ዕቃ ከነባለመስታወት ቁም ሳጥኑ ተገትሮ ነበር። የዛሬ ልጆች ምን ያደርጉታል? ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባ፣ በማሽን ቢታጠብ ወርቁ ይለቃል። “ለእንግዳ” ተብሎ የሚቆለፍ ሳህን የእናቶቻችን ጠባይ ብቻ አለመሆኑን እዚያ ታያላችሁ። ያ ሁሉ ዘመን የተጠበቀው እንግዳ በመጨረሻ መጣ፤ ቁጥር ይዞ፣ ተሰልፎ።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ገጸ ባሕርይን ከንግግሩ ይልቅ ከቤት ዕቃው ዕወቁት እል ነበር። እዚህ ቤት ዋናው ገጸ ባሕርይ የለም፤ ዕቃው ብቻውን ቀርቷል። ማቀዝቀዣው በር ላይ የሐኪም ቀጠሮ ተለጥፏል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የመደገፊያ ብረት ተተክሏል። አንድ መዝገበ ቃላት ስከፍት የደረቀ አበባ ወደቀ። ገዢው ይህን ሁሉ እየዳበሰ ያልፋል።

ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደው ደረጃ ግርጌ፣ በገና ጌጥና በበረዶ አካፋ መካከል፣ አንዲት የሐረር ሙዳይ ተቀምጣለች። “የአፍሪካ ቅርጫት፣ 12 ዶላር” የሚል ተለጥፎባታል። ከጎኗ በእንጨት ፍሬም የተቀመጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። “ፍሬም፣ 4 ዶላር” ይላል። ፎቶው ዋጋ አልወጣለትም። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች በሦስት ረድፍ ቆመዋል፤ ኮት የለበሰ አለ፣ ነጠላ የደረበ አለ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ከነኮቱ ባዶ እግሩን የሆነ አለ። መሃላቸው ክራባት ያሰረ ቀጭን ነጭ ወጣት። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በእንግሊዝኛ፣ “ዘጠነኛ ሀ፣ 1964” ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ የልጆቹ ስም በተርታ ሰፍሯል። ተሰማ፣ ዘውዴ፣ አብዱ፣ ሌላ ተሰማ...

የሰላም ጓድ መምህር ኖሯል። የአሜሪካ ሰላም ጓድ የመጀመሪያ መምህራኑን ወደ ኢትዮጵያ የላከው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ250 ይበልጡ ነበር። አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተበትነው አስተማሩ። የኔን ትውልድ ካስተማሩን ሰዎች ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የተማሩት ከነሱ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት ልጆች በሕይወት ካሉ ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። “በሕይወት ካሉ” ያልኩት ለዕድሜያቸው ብቻ አይደለም። ፎቶው ከተነሣ ከአሥር ዓመት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ያንን ትውልድ ምን እንዳደረገው የምታውቁት ነው። ምናልባት ከነዚያ ልጆች አንዱ፣ ቤተሰቡ ዘንድ አንድም ፎቶ የሌለው ይሆናል። እዚህ ግን አለ፤ ከበረዶ አካፋ ጎን።

ሻጯን “ባለቤቱ ማን ነበሩ?” አልኳት።

“እኛ አናውቅም፤ ልጃቸው ካሊፎርኒያ ነው” አለችኝ።

አራት ዶላር ከፈልኩ። “ጥሩ ፍሬም ነው” ብላ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ።

በሴትየዋ አልፈርድም። ዕቃ አፍ የለውም፤ ታሪኩን የያዘው ሰው ሲሄድ የሚቀረው መጠኑና ክብደቱ ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚለጥፍበት ሰው የሚያየውን ነው የሚጽፈው፤ ሙዳይዋን “ቅርጫት”፣ ዘጠነኛ ሀን “ፍሬም”። ሰውየው ያችን እርሳስ አንስቶ ስማቸውን ባይጽፍ ኖሮ እኔም የማየው ሠላሳ የማላውቃቸው ልጆች ነበር።

“ፈረንጅ ጨካኝ ነው፣ የአባቱን ካልሲ ይሸጣል” ለማለት የቸኮላችሁ ካላችሁ ግን ቆዩኝ። እኛስ? የሟችን ልብስ ለነዳያን እንሰጣለን፤ ደግ ልማድ ነው። ቤትና መሬት ከሆነ ወንድምና እህት ዓመታት እንካሰሳለን። መጽሐፉና ወረቀቱ ግን የቆራሌው ሲሳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከእግረኛ መንገድ ላይ ከገዛኋቸው አሮጌ መጻሕፍት ስንቶቹ የፊት ገጻቸው ላይ “ለውድ ልጄ፣ ለምረቃህ” ተብሎ ተጽፎባቸዋል! አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዕድሜውን ሙሉ በየገጠሩ እየዞረ ቃል ግጥም በደብተር ይሰበስብ ነበር። ከአርባው በኋላ ቤቱ ስንሄድ ደብተሮቹ በሁለት ማዳበሪያ ተሞልተው በኪሎ ተሸጠዋል። ባለቤቱ ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ምን እንደሆኑ አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም።

ኑዛዜስ? ትሉ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ስንት ምስክር እንደሚያስፈልገው ሳይቀር በዝርዝር ደንግጓል። ነገር ግን ኑዛዜ ዕቃው የማን እንደሚሆን ነው የሚነግረን። ዕቃው ምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው በቁሙ፣ እራት ላይ፣ ቡና ላይ ነው። እኛ ደግሞ ቡና ላይ የሰው ታሪክ እንጂ የራሳችንን አናወራም።

የዚያን ዕለት ማታ ይህንኑ ለእህቴ አነሣሁባት።

“ምነው፣ ልትቀብረኝ ነው እንዴ አሜሪካ ድረስ የመጣኸው?” ብላ አማተበች። ልጇ ግን ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። “እማዬ፣ እሺ አንድ በአንድ ንገሪኝ” ብላ ሳሎኑ ጥግ በክብር የቆመውን ባለክዳን መሶብ አሳየቻት። “ይሄ የአያቴ ነው አይደል?”

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። “እሱንማ እዚሁ ካለ ያበሻ ሱቅ ነው የገዛሁት! የእናታችን የእጅ ሥራ ያቺ ናት፤ እኔን አርግዛ ነው የሰፋቻት” ብላ ወደ መግቢያው በር አመለከተች።

በሩ አጠገብ ያለችው፣ ፖስታና የመኪና ቁልፍ የሚወረወርባት፣ ጠርዟ የተበላ ሰፌድ ናት። ልጅቱ ሰፌዷን እስከዛሬ ያየቻት አትመስልም፤ ተነሥታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አነሣቻቸው።

እስቲ ዛሬ ማታ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ቁልፋችሁን የምትወረውሩት ምን ላይ ነው? ልጆቻችሁስ ያውቁታል?