አልሠራም ተባለ

ካርኔሽን የተባለው አበባ የሚራባው በቁራጭ ነው። እናቲቱ ቫይረስ ካለባት ልጆቿ ሁሉ ታመው ይወለዳሉ። ለፈንገስ የሚረጭ አይታጣም፤ ለቫይረስ ግን እርሻ ላይ የሚረጭ መድኃኒት የለም።

እኛ የአበባ እርሻ ላይ ግን መላው ተገኝቶ ነበር! እናት ተክሎቹ 38 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ውስጥ ሳምንታት ከረሙ። ሙቀቱ ተክሉን ቢያንገላታውም ቫይረሱን ከመባዛት ያዘገየዋል። የካርኔሽኑ ቫይረስ በሙቀት ብቻ በቀላሉ ስለማይለቅ፣ ቀጥሎ ከለጋው ጫፍ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ ነጥብ በማይክሮስኮፕ ሥር ተቆረጠች። እዚያች ነጥብ ላይ ቫይረሱ የሚሮጥበት ቧንቧ ገና አልተዘረጋም። ፈረንሳዮቹ ሞሬልና ማርተን እ.ኤ.አ. በ1952 ከታመመ ዳሊያ ጤነኛ ዳሊያ ያወጡት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቡቃያው ሥር አልሰድ ቢላቸው ጤነኛ ችግኝ ላይ አጣብቀው አሳደጉት። የላቦራቶሪው ልጆችም ትዕግሥታቸው ከዚያ አያንስም። ቲሹ ካልቸር በሚባለው ዘዴ ጠርሙስ ውስጥ ካደገው የሞተው ሞቶ፣ የተረፈው ኤላይዛ በተባለው የቫይረስ ምርመራ ታይቶ ንጹሑ ብቻ ተለየ።

ከችግኙ ጋር የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፤ ለብቻው የሆነ ግሪንሃውስና ቢላ መንከሪያ በረኪና። በረኪና! የማንም ቤት ማድ ቤት ውስጥ የሚገኘውን።

«ትእዛዝ ደርሷል፣ ቦታ የለም» ተባለና ከአሮጌው መደብ ጎን ተተከሉ። የበረኪናው ባልዲም አልመጣም። ሠራተኛዋ አሮጌውን በቆረጠችበት ቢላ አዲሱን ቆረጠች። በእሷ አልፈርድም፤ የምትከፈለው በቆረጠችው ቁጥር ነው፣ የነገራትም የለም። ይህ ቫይረስ ነፍሳት እንኳ አያስፈልጉትም፤ ቢላና እጅ ላይ የቀረ የተክል ጭማቂ ይበቃዋል። ተክሉ ደግሞ ጸዳ እንጂ በሽታን የሚከላከልበት አዲስ ጉልበት አላገኘም። ምልክቱ ብዙ ስለማይታይ የነቃ አልነበረም፤ አበባው እያነሰ፣ ምርቱም እየቀነሰ ሄደ። በኋላ ሲመረመር አዲሱም እንደ አሮጌው ሆኖ ተገኘ፤ ተነቅሎ ተቃጠለ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የሚያንገበግበኝ፣ እንደገና እናጽዳ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ከአለቆቹ የተሰጠው መልስ ነው፦ «ቲሹ ካልቸሩን ሞክረነዋል፤ አልሠራም።» ሠርቶ ነበር እኮ! ሲረከቡ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳየው የምርመራ ውጤት ፋይሉ ውስጥ አለ፤ የፈረሙበትም ራሳቸው ናቸው።